ወንበር ቁጥር አርባ ሁለት

«የልደት ቀን?»

«ማርች አሥራ ሁለት፣ ሠላሳ ስምንት።»

«አሥራ ዘጠኝ ሠላሳ ስምንት ይበሉ እንጂ። ሠላሳ ስምንት ብቻ ካሉ የትኬት ቢሮዋ ልጅ ዕድሜዎን የነገሯት ሊመስላት ይችላል።»

«ከመሰላትማ እሰየው ነው» አሉ ኔቪል፣ በመኪናዋ መስታወት ፀጉራቸውን ወደ ኋላ እያበጠሩ። «ለመሆኑ የሰማንያ ሰባት ዓመት ሰው እመስላለሁ? እስቲ እውነቱን ንገሪኝ።»

«ሰማንያ አንድ ነዎት እኮ፣ አጎቴ ኔቪል። ስድስት ዓመት ምን ልዩነት አላት?»

«ልዩነት የላትም ትላለች እንዴ! አባትሽ እኮ በስድስት ዓመት ውስጥ ነው ያረጀው።»

ሎሬን የስታዲየሙን ዙሪያ ስትዞር ይህ ሦስተኛዋ ነበር፤ መኪና ማቆሚያ የሚባል ነገር ጠፍቷል። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ያን የሚያህል የከተማ አውቶቡስ በጠባቡ የቶርንሾ መንገድ ስትነዳ መሪውን ዘና ብላ ነበር የምትይዘው። ዛሬ ግን የራሷን ሚጢጢ መኪና መሪ አንቃ ይዛዋለች። ዝናቡ አንዴ ይመጣል፣ አንዴ ይሄዳል። የከሰዓት ፈረቃዋ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይጀምራል፤ አሁን ስድስት ተኩል ሆኗል። የትኬት ቢሮው ደግሞ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል፤ ይህ ዓርብ ካለፈ ሌላ ቀን የለም።

«አድራሻ?» አለች እንደገና።

«ዊቨርስ ስትሪት፣ አሥራ ሰባት ቁጥር። አንቺ ልጅ፣ አርባ ዓመት እሁድ እሁድ ምሳ የበላሁበትን ቤት ነው የምትጠይቂኝ?»

«ስም?»

ኔቪል ማበጠሪያቸውን ኪሳቸው ከተቱ። «ዊልፍሬድ ሄስኬዝ» አሉ። ይህን ሲሉ ድምፃቸው ዝቅ አለ።

ዊልፍሬድ ሄስኬዝ የሎሬን አባት ናቸው። ከሞቱ አራት ዓመት አልፏቸዋል። በቶርንሾ ታውን እግር ኳስ ክለብ ኮምፒውተር ውስጥ ግን ደህና ናቸው፤ በየዓመቱ የውድድር ዘመን ትኬታቸውን ያሳድሳሉ፣ የጡረተኛ ቅናሽ ያገኛሉ፣ ለገና የመልካም ምኞት ካርድ ይላክላቸዋል።

ነገሩ በተንኮል አልተጀመረም። ዊልፍ የሞቱት ፌብሩዋሪ ላይ፣ በሜዳችን ስምንት ጨዋታ ሲቀር ነው። የዕድሜ ልክ ጓደኛቸው ኔቪል ያኔ ስታዲየም መግባት ካቆሙ ሦስት ዓመት ሆኗቸው ነበር። ኔቪልና ዊልፍ በአንድ የሽመና ፋብሪካ አብረው አርጅተዋል። ኳስ ላይ ግን ዊልፍ በዚህ በኩል፣ ኔቪል በዚያ በኩል፣ ፊት ለፊት እየተያዩ ነበር የሚቀመጡት፤ ቶርንሾ ሲያገባ ሁለቱም ኮፍያቸውን እያውለበለቡ ሰላም ይባባላሉ። ኋላ ክለቡ የኔቪልን ትሪቡን ለትልልቅ ኩባንያዎች መጋበዣ ባለ መስታወት አዳራሽ አደረገው። ለኔቪል «ተመጣጣኝ ወንበር» ተብሎ የተሰጣቸው በሰሜኑ ትሪቡን አናት ላይ፣ ስልሳ አራት ደረጃ ተወጥቶ የሚደረስበት ነው። ጉልበታቸው ውስጥ ብረት ያለባቸው ሰው ናቸው። ሁለት ጊዜ ወጡ። በሦስተኛው አራት ሰዎች ተሸክመው አወረዷቸው። ገንዘቤን መልሱልኝ ሲሉ፣ ክለቡ ደንበኛን ከወንበር ወንበር ማዛወር ይችላል የሚል አንቀጽ ላይ ፈርመዋል ተባሉ። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ መጋረጃቸውን ዘግተው ሬዲዮ ማዳመጥ ሆነ ሥራቸው።

ሎሬን ከቀብር መልስ የአባቷን የትኬት ካርድ በእጃቸው አስያዘቻቸው። «እስከ ውድድሩ መጨረሻ ብቻ» አለቻቸው። ኔቪል መጥተው ከጎኗ፣ ረድፍ ኤም ወንበር ቁጥር አርባ ሁለት ላይ ተቀመጡ። ጨዋታው ሊጀመር ሲል ዊልፍ ያደርጉት እንደነበረው የወንበሩን መደገፊያ በጣታቸው ሁለቴ ኳ ኳ አደረጉ። ሎሬን እስከ እረፍት ስታለቅስ ቆየች። ሁለት ለዜሮ ተሸነፍን።

የማሳደሻው ጊዜ ሲደርስ ሎሬን ማንም የማያደርገውን አደረገች፤ የውሉን ዝርዝር አነበበች። አንቀጽ ዘጠኝ፣ ትኬቱ የባለቤቱ ብቻ ነው፣ ባለቤቱ ሲሞት ወንበሩ ወደ ክለቡ ይመለሳል፣ ለቤተሰብ አይተላለፍም ይላል። ስልሳ ዓመት ያንኑ ወንበር ያሞቀ ሰው፣ ለልጁ እንኳ ቅድሚያ የለውም። ቆሽቷ አረረ። ድረ ገጹ ላይ ግን ስለ ሞት የሚጠይቅ ቦታ አልነበረም። «ማሳደስ ይፈልጋሉ?» ብቻ አለ። ተጫነችው። ባለፉት ሦስት ዓመታትም ተጫነችው።

የረድፉ ሰዎች ሁሉ ያውቃሉ። የበር ጠባቂዎች በአጠገባቸው ሲያልፉ፣ የረድፉ ሰዎች ኔቪልን ሆን ብለው «ዊልፍ፣ ጉልበትህ እንዴት ነው?» ይሏቸዋል። ኔቪልም «ይመስገን» ይላሉ። ማንም ስለ ነገሩ አንሥቶ አያወራም፤ ይህን መሳይ ነገር በየቤቱ አለና።

ዘንድሮ ግን ደብዳቤ መጣ። ካርድ ቀርቷል፣ ትኬቱ በስልክ ሆኗል፣ ስለዚህ እያንዳንዱ ባለ ትኬት ካርዱን ይዞ በአካል ቀርቦ ፎቶ ይነሣ። እስከ ዓርብ ያልቀረበ ወንበሩን ያጣል፣ የከፈለውም አይመለስለትም። በሌላ ሰው ትኬት ሲገለገል የተገኘ ካለ ደግሞ፣ በዚያው ሂሳብ ላይ ያሉት ትኬቶች በሙሉ ይሰረዛሉ። የሎሬን ወንበር፣ አርባ አንድ ቁጥር፣ ከአባቷ ጋር በአንድ ሂሳብ ላይ ነው። ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ የተቀመጠችበት ነው። ከተያዙ ሁለቱም ይሄዳሉ።

«ዓይኔን በጨው አጥቤ ነው የምገባው» አሉ ኔቪል ከመኪናው ሲወርዱ። «አንቺ ብቻ ፊትሽን አስተካክይ። ከፊትሽ ላይ ሁሉ ነገር ይነበባል።»

ሰልፉ ከትኬት ቢሮው በር እስከ ማዕዘኑ ይደርሳል። ሎሬን በየደቂቃው ሰዓቷን ታያለች፣ ካርዶቹን ከቦርሳዋ ታወጣለች፣ መልሳ ትከታለች። ከፊታቸው ያለው ሰውዬ ሁለት ካርድ ይዞ አንዱን በአውራ ጣቱ ሸፍኖታል። ሎሬን አየችው፣ እሱም ማየቷን አየ፣ ሁለቱም ዓይናቸውን ወደ ዝናቡ አዞሩ።

አረንጓዴ የዝናብ ልብስ የለበሰች ሴት በሰልፉ ጎን ለጎን ወረቀት እያደለች መጣች። ሎሬን በመልክ ታውቃታለች፤ ፈርዛና ትባላለች፣ ገበያው አጠገብ ባለው የነፃ ምክር ቢሮ የምትሠራ፣ የደጋፊዎች ማኅበር ጸሐፊ ናት። የምትቀመጠው ከወዲያኛው ጎል ኋላ ስለሆነ ተነጋግረው አያውቁም።

«አባባ፣ እርስዎም አንድ ይውሰዱ። ማን ልበል ስምዎን?»

«ዊልፍ» አሉ ኔቪል ሳያቅማሙ። ቀጥለውም ማንም ሳይጠይቃቸው፣ «ማርች አሥራ ሁለት፣ አሥራ ዘጠኝ ሠላሳ ስምንት» አሉ።

ሎሬን ክንዳቸውን ቆነጠጠቻቸው። ፈርዛና አንዴ እሳቸውን፣ አንዴ ሎሬንን አየች። አልሳቀችም።

«ምንድን ነው ወረቀቱ?» አለች ሎሬን፣ ወሬ ለማስቀየር።

«አንቀጽ ዘጠኝ ነው። ሰው ሲሞት ወንበሩን ክለቡ ይወስዳል የሚለው። አንቀጽ ስድስትም አለ፤ ክለቡ ደስ ባለው ጊዜ ከወንበርሽ ያነሣሻል የሚለው።»

«እሱንስ እኔ አውቀዋለሁ» አሉ ኔቪል ጉልበታቸውን እያሹ። ሎሬን እንደገና ቆነጠጠቻቸው።

«ፈርመንበታል እኮ» አለች ለፈርዛና።

«መፈረሙንማ ሁላችንም ፈርመናል። ሕጉ ግን ሸማቹ ስለፈረመ አለቀለት አይልም። ሚዛኑ ያለ አግባብ ወደ ሻጩ ያጋደለ አንቀጽ ገዢውን አያስገድደውም። ምንጣፍ ግዢ፣ ማቀዝቀዣ ግዢ፣ የኳስ ትኬት ግዢ፣ ሕጉ አንድ ነው። እኛ ግን ኳስ ላይ ስንደርስ ሸማች መሆናችንን እንረሳለን። ፍቅር ነው እንላለን፣ እነሱም ፍቅራችንን ያስከፍሉናል።»

«ታዲያ ለምን ከሰሽ አትገላገይም?»

«ምኔ ተነክቶ ልክሰስ? የተነካ ሰው ነው የምፈልገው። ስሙን የሚሰጥ፣ ክለቡ በጽሑፍ አይቻልም ያለው ሰው። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ስንቱ በርቺ ብሎኛል መሰለሽ። ስሙን የሰጠኝ ግን አንድም ሰው የለም። ለምን ይመስልሻል?»

ሎሬን ትከሻዋን ሰበቀች። ጆሮዋ ግሏል።

ፈርዛና ጠጋ አለች። «በኔ ረድፍ ላይ ብቻ ሦስት ሙታን በየዓመቱ ያሳድሳሉ። አልፈርድባቸውም፤ የኔም አባት ኳስ ወዳጅ ቢሆን ይህንኑ አደርግ ነበር። ደግነቱ ክሪኬት እንጂ ሌላ አያይም። ብቻ ስንዋሽ ጥፋተኛው ውሉ መሆኑ ይቀርና እኛ እንሆናለን።»

«ብንናገርስ? ምን ዋስትና አለን?»

«ምንም። ውሸት አልነግርሽም፣ ምንም የለም። ብቻ የሚሉሽን በጽሑፍ ተቀበይ። በቃል የተባለ ነገር ነገ አልተባለም።»

ሴትዮዋ ወደ ቀጣዩ ሰው አለፈች። ኔቪል ወረቀቱን አርቀው ይዘው ለማንበብ ሞከሩ፣ መነጽራቸውን መኪና ውስጥ ረስተውታል። «ብንመለስስ ይሻላል ልጄ?» አሉ።

«ተመልሰው ሬዲዮ ሊያዳምጡ ነው?»

«ሬዲዮ ምን አለው? ሬዲዮ ላይ ደረጃ የለበትም።»

ለቀልድ ያሉት ነው። ሎሬንን ግን አንጀቷን በላት። ባለፈው ክረምት ሁለት ሳምንት ኢንፍሉዌንዛ ይዟቸው ቤት ሲውሉ ልትጠይቃቸው ሄዳ ነበር። ሰውዬው በእነዚያ ሁለት ሳምንታት ከሷ በቀር የሰው ድምፅ አልሰሙም። ቅዳሜ ሲቀርባቸው ሳምንቱ በሙሉ ይቀርባቸዋል። «ወደፊት ይራመዱ» አለቻቸው፤ «ተራችን ደርሷል።»

መስኮቱ ላይ የተቀመጠችው ኪሊ የምትባል ሃያ ዓመት እንኳ በደንብ ያልሞላት ልጅ ናት። ረጅም ጥፍሯ በቁልፎቹ ላይ ቀጭ ቀጭ ይላል። የሎሬንን ፎቶ በአንድ ደቂቃ አንሥታ ጨረሰች። ከዚያ ኔቪልን አየች።

«ሚስተር ሄስኬዝ?»

«ነኝ።»

«የልደት ቀንዎን ይንገሩኝ።»

ኔቪል ነገሯት። አድራሻውንም ነገሯት። ኪሊ ስክሪኑን ስታይ ቅንድቧ ተነሣ። «ከአሥራ ዘጠኝ ስድሳ አንድ ጀምሮ! እናቴ እንኳ አልተወለደችም። እንዴት ጀመሩት ግን?»

ይህ መኪናው ውስጥ ካጠኗቸው ጥያቄዎች አንዱ አልነበረም። ኔቪል ግን ኮፍያቸውን አውልቀው መስኮቱ ላይ ክርናቸውን ደገፍ አደረጉ።

«ትኬቱ ኋላ ነው የመጣው። እኔ የጀመርኩት በአርባ ስድስት፣ ጦርነቱ ባለቀ ማግስት ነው። አባቴ በትከሻው ተሸክሞ አመጣኝ። በረዶ ነበር። እናቴ የካፖርቴ ኪስ ውስጥ ከምድጃ የወጣ ትኩስ ድንች ከታልኝ ነበር፤ በያንዳንዱ ኪስ አንዳንድ፣ እጄን እንዲያሞቀኝ። እረፍት ሲሆን አንዱን በላሁት፤ ሁለተኛው አጋማሽ ላይ አንድ እጄ ሊቆረጥ ደረሰ።» እዚህ ላይ ትንሽ አረፍ አሉ። «እና ሲያገቡ አባቴ ዘለለ፣ እኔ ወደቅሁ፣ ሌላኛው ድንች ከሥሬ ገንፎ ሆነ።»

ኪሊ ሳቀች። ሎሬን መሳቅ አልቻለችም። ታሪኩን በልጅነቷ መቶ ጊዜ ሰምታዋለች። ያቺ መሐል ላይ ያለች እረፍት እንኳ የአባቷ ናት። ኔቪል አንዲት ቃል ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ ነው የተናገሩት። ደስ አላት፣ ደግሞም አመማት፤ የአባቷ ነገር ከሌላ ሰው አፍ «እኔ» እየተባለ ሲወጣ መስማት እንዲህ ይከብዳል ብላ አላሰበችም።

«ወደዚህ ይመልከቱ፣ ቀጥ ይበሉ» አለች ኪሊ። ፎቶው ተነሣ። «ውይ፣ ደግሞ እኮ እርስዎ ሦስተኛ ነዎት!»

«የምን ሦስተኛ?»

«ረጅም ዘመን ትኬት ከያዙት አሥር ደጋፊዎች ሦስተኛ። ዘንድሮ የአሥሩን ፎቶ ትልቅ አድርገን ዋናው መግቢያ ግድግዳ ላይ እንሰቅላለን። ክለቡ ዛሬ ከሚነሡት ፎቶ ነው የሚወስደው። ይዩት፣ እንዴት አምሮብዎታል!»

ስክሪኑን ወደነሱ አዞረችው። ኔቪል ናቸው፤ ፀጉራቸው ወደ ኋላ ተበጥሯል፣ አፍንጫቸው ቀጥ ያለ ነው። ከሥሩ «ዊልፍሬድ ሄስኬዝ፣ ከ1961 ጀምሮ» የሚል ተጽፏል።

የሎሬን አባት አፍንጫቸው ጠማማ ነበር። ከሽመና ማሽን ያፈነገጠ እንጨት በሃያ ዓመታቸው ሰብሮት ከዚያ ወዲህ አልተቃናም። በዚያ አፍንጫ ስንት ተቀልዶበታል። አሁን ይህ ሁሉ ሰው ቅዳሜ ቅዳሜ በዚያ በር ሲገባ የኔቪልን ፊት እያየ «ዊልፍ» ሊል ነው። አራት ዓመት ሙሉ አባቷን በሕይወት ያቆየች ይመስላት ነበር። በገዛ እጇ እያጠፋቻቸው ኖራለች።

ኔቪልም ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብለው አዩ። «ልጄ» አሉ በመጨረሻ፣ «ይሄ እኮ ትንሽ...»

«አይሆንም» አለች ሎሬን።

«ምኑ?» አለች ኪሊ። «ሌላ ላንሣዎት?»

«አባቴ አይደሉም። አባቴ ሞቷል። አራት ዓመት ሆነው።»

የኪሊ ጥፍሮች ቁልፎቹ ላይ ቀሩ። ልጅቷ ግራ ቢገባት ተነሥታ ወደ ውስጥ ገባችና አለቃዋን ይዛ መጣች። ዳንካን ይባላል፤ ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው፣ በአንገቱ መታወቂያ አንጠልጥሏል። ሎሬንን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ። ትምህርት ቤት ያመላለሰችው ልጅ ነው፤ ሳንቲም የጠፋበት ቀን በነፃ የምታሳፍረው።

ሁለቱንም ወደ ጎን፣ የአንገት ልብስ የተከመረበት ክፍል አስገባቸውና በሩን ገርበብ አደረገ። የሎሬን ስልክ ጮኸ፣ ከአውቶቡስ መናኸሪያው ነው። ዘጋችው።

«ሎሬን፣ ይስሙኝ» አለ ዳንካን። «እኔ ምንም አልሰማሁም። የአባትዎን ካርድ ይመልሱልኝ፣ 'ማሳደስ ትተዋል' ብዬ እዘጋዋለሁ። የርስዎ ወንበር የርስዎው ነው፣ ማንም አይነካዎትም። አባባ ደግሞ ተራ መጠበቂያው ላይ ይመዝገቡ።»

«ተራው ስንት ዓመት ይፈጃል?» አሉ ኔቪል።

«አሁን ባለው... ስድስት፣ ሰባት ዓመት።»

«ጥሩ ነው። ያኔ እውነትም የሰማንያ ሰባት ዓመት ሰው እሆናለሁ።»

«አልመልስም ብልስ?» አለች ሎሬን።

ዳንካን አንገቱን አከከ። «አልመልስም ካሉ መመዝገብ አለብኝ። ከመዘገብኩ ደግሞ ሁለቱም ይሰረዛሉ፣ የከፈሉትም አይመለስም። አንቀጽ አሥራ አንድ ነው፣ እኔ አይደለሁም። ለርስዎ ብዬ ነው የምለው።»

እውነቱን ነው፣ ለሷ ብሎ ነው። ክፋት የለበትም ልጁ። ሎሬንን ያናደዳት ይኸው ነበር፤ ሁሉም ሰው ደግ ነው፣ ክፉው ወረቀቱ ብቻ ነው፣ ወረቀቱን የጻፈው ሰው ደግሞ መስኮት ላይ አይቀመጥም።

ኔቪል እጅጌዋን ያዙ። «ተቀበይ፣ ልጄ። አራት ዓመት ተቀምጫለሁ፣ ከዚህ በላይ ምን እፈልጋለሁ? ወንበርሽን አትጪ። ዊልፍ ቢኖር ይቆጣኝ ነበር።»

ሎሬን አሰበች፤ ወይም ልታስብ ሞከረች። አርባ አንድ ቁጥር በዓይኗ መጣባት፤ ከፊቷ ያለው ብረት ላይ በልጅነቷ በሚስማር የጫረችው የስሟ ፊደል፣ እረፍት ላይ የሚገዙት ትኩስ የሥጋ ፓይ፣ ቅዳሜ ጠዋት ከሁሉ በፊት የምታነሣው የክለቡ የአንገት ልብስ። ይህ ባይኖርስ? ከሰኞ እስከ ዓርብ አውቶቡስ፣ ቅዳሜስ? ፍርሃት ያዛት፣ እውነተኛ ፍርሃት። ከዚያ ደግሞ አርባ ሁለት ቁጥር ላይ አንድ የማታውቀው ሰው መጥቶ ሲቀመጥ አየች። ክፉ ሰው አይደለም። ምንም የማያውቅ፣ መደገፊያውን ኳ ኳ የማያደርግ ሰው ብቻ ነው። ከጎኑ እሷ አፏን ዘግታ ተቀምጣለች። ኔቪል ቤታቸው መጋረጃ ዘግተዋል።

«ዳንካን» አለች።

«አቤት።»

«አሁን ያልከኝን በጽሑፍ ስጠኝ።»

«ምኑን?»

«አባቴ ሞቷል፣ ወንበሩ እኔ ለመረጥኩት ሰው ይተላለፍልኝ ብዬ ጠይቄያለሁ። አይቻልም ካልክ አይቻልም ብለህ ጻፍ። በየትኛው አንቀጽ እንደሆነም ጻፍ።»

«ሎሬን፣ ከጻፍኩት እኮ የርስዎም ወንበር...»

«ሰምቻለሁ። እሱንም ጻፈው።»

ዳንካን ቆሞ አያት። ውጭ ወረቀት የምታድለዋ ሴትዮ ናት እንዲህ ያስባለቻችሁ ሊል አፉን ከፈተ፣ ተወው። «ኪሊ» ብሎ ተጣራ፣ «የስረዛ ቅጹን አምጪ።»

መስኮቱ ጋ ተመለሱ። ሰልፈኛው እንዳልሰማ ሆኖ ይሰማል። ከፊታቸው የነበረው ባለ ሁለት ካርድ ሰውዬ ጉዳዩን ጨርሶ ነበር፤ ግን አልሄደም፣ በሩ ላይ ቆሞ ያልተፈታ የጫማ ማሠሪያ ያስራል። ሎሬን ለመናኸሪያው ደወለችና ልትዘገይ እንደምትችል ተናገረች። በሃያ ሁለት ዓመት የመጀመሪያዋ ስለነበር የስምሪት ሠራተኛው ማን ሞተ ብሎ ጠየቃት። «አባቴ» አለችው፣ ስልኩንም ዘጋች።

ኪሊ ቅጹን መሙላት ጀመረች። እጇ እንደ ቀድሞው አልፈጠነም። «ምክንያት ምን ልበል?»

«ባለ ትኬቱ ሞተዋል በይ።»

«የሞቱበት ቀን?»

ሎሬን ነገረቻት። ልጅቷ ጻፈችው። ይህን ያህል ዓመት ክለቡ ጠይቋት የማያውቀውን ጥያቄ የጠየቀቻት ይህች ጥፍረ ረጅም ልጅ ናት፤ «አዝናለሁ» አለችም፣ ከልቧ።

«አንድ ቦታ ቀረ። ከዚያ ወዲህ በትኬቱ ሲገለገል የነበረ ሰው ስም።»

ሎሬን ቀና አለች። እዚያ ቦታ ላይ ስሙ የተጻፈ ሰው ስታዲየም እንዳይገባ ሊታገድ ይችላል፤ ዳንካን ባይናገርም ውሉ ላይ አንብባዋለች። «ባዶውን ተዪው» አለች። «ወይም የኔን ስም ጻፊ። ሁለት ወንበር ላይ ነበር የምቀመጠው።»

«እንደዚያ ማለት አይቻልም...»

«ኔቪል ሻክልተን» አሉ ኔቪል።

ጮክ ብለው ስለነበር እስከ በሩ ተሰማ። በዚህ ስታዲየም ውስጥ አራት ዓመት ሙሉ ስማቸውን ጠርተው አያውቁም። ኪሊ ፊደሉን ጠየቀቻቸው፣ አንድ በአንድ ነገሯት።

«የልደት ቀን?»

«ማርች አሥራ ሁለት...» አሉና ቆሙ። ኮፍያቸውን ከመስኮቱ ላይ አነሡ፣ መልሰው አስቀመጡት። «አይ፣ እሱስ የዊልፍ ነው። የኔ ኦክቶበር ሰባት ነው። አሥራ ዘጠኝ አርባ ሦስት።»

ኪሊ ወረቀቱን አትማ በመስኮቱ ሥር አሳለፈችው፤ አይቻልም የሚለው ቃል ከነአንቀጹ፣ ፈርዛና ስትፈልገው እንደኖረችው፣ ሰፍሮበታል። ሎሬን መጀመሪያ ፈረመች፤ ከዚያ ብዕሩን ለኔቪል አቀበለቻቸው።